ምክር ወይስ ኮቺንግ? የትምህርትና የሥራ ችግር የገጠመው ሰው የቱን በር ያንኳኳ

ኮሶዬ፦ ከጎንደር ከተማ ወደ ደባርቅ በሚወስደው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ የምትገኘው ኮሶዬ፣ ስሟ የኮሶን ዛፍ የሚያስታውስ የወገራ ደጋ ከተማ ናት። በአንድ ወገን ገብስ የሚዘራበት ሜዳ፣ በሌላው ወገን ደግሞ ዓይን እስኪታክት ድረስ ቁልቁል የሚወርድ ገደልና ከሥሩ የተዘረጋ ቆላ ይታይባታል። መንገደኞች መኪና አስቁመው ይህንኑ ይመለከታሉ፤ ፎቶግራፍ አንስተውም ይሄዳሉ።

ለአካባቢው ወጣት ግን ይኸው አውራ ጎዳና ሌላ ትርጉም አለው። ወደ ደቡብ ቢሄድ የጎንደር ዩኒቨርሲቲን፣ የመምህራን ትምህርት ኮሌጁንና የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁን ያገኛል። ወደ ሰሜን ቢያቀና ከአራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ አለ። ባለበት ቢቆይ ደግሞ እርሻው፣ በጉና ድንቹ ይጠብቁታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው ከእነዚህ መካከል የትኛው ለእርሱ እንደሚሆን ረጋ ብሎ አብሮት የሚያስብ ሰው ነው።

በዚህ ረገድ በቅርብ ዓመታት በትምህርት ቤቶችና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሁለት ቃላት ተደጋግመው ይሰማሉ፤ የምክር አገልግሎት እና ኮቺንግ። በዕቅድና በሪፖርት ሰነዶች ላይ ሁለቱ በአንድ መስመር ተደርድረው፣ አንዳንዴም አንዱ በሌላው ቦታ ገብቶ ይጻፋሉ። ይሁንና አንድ አይደሉም። የሚያስፈልገው ምክር ሆኖ ሳለ ኮቺንግ የተሰጠው ሰው፣ ወይም የዚህ ተቃራኒ የደረሰበት፣ ጊዜውን ብቻ ሳይሆን ድጋፍ በሚባል ነገር ላይ ያለውን እምነት ጭምር ያጣል።

ለማስረዳት ያህል ሁለት ሰዎችን በዓይነ ኅሊና እንውሰድ። የመጀመሪያዋ ከኮሶዬ ዙሪያ ቀበሌ የመጣች፣ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወስዳ የማለፊያ ነጥብ ያላገኘች ልጅ ናት። ውጤቱን ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ አጥታለች፤ ጓደኞቿን ትሸሻለች፤ ከቤት የምትወጣው ውኃ ለመቅዳት ብቻ ነው። አባቷ ድገሚ ይላሉ፤ አጎቷ ዓረብ አገር ሂጂ ይላሉ፤ እናቷ ዝም ብለው ያዩዋታል። ሁለተኛው በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት በባለሙያነት ሲሠራ ቆይቶ በቅርቡ ቡድን መሪ የሆነ ወጣት ነው። ሥራውን ያውቀዋል፤ ጤናማ ነው፤ ማደግም ይፈልጋል። ነገር ግን በዕድሜ የሚበልጡትን ባልደረቦቹን ማዘዝ ያፍራል፤ ሁሉንም ራሱ ለመሥራት ይሞክራል፤ በመሆኑም ሪፖርቱ ይዘገይበታል።

ልጅቷ የሚያስፈልጋት ምክር ነው። ወጣቱ የሚያስፈልገው ኮቺንግ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ከሁለቱ ድጋፎች አመጣጥና አሠራር ይመነጫል።

ሙያዊ የምክር አገልግሎት በዓለም ላይ መልክ የያዘው ከሥራ ምርጫ ጋር በተያያዘ ነው። አሜሪካዊው ፍራንክ ፓርሰንስ እ.ኤ.አ. በ1908 በቦስተን ከተማ የሙያ መረጣ ቢሮ አቋቋመ፤ በማግሥቱ ዓመት የታተመው መጽሐፉም ሦስት ነገሮችን ያስቀድም ነበር። ራስን ማወቅ፣ የሥራውን ዓለም ማወቅ፣ ከዚያም ሁለቱን በማገናዘብ መወሰን። እ.ኤ.አ. በ1942 ካርል ሮጀርስ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ባሳተመው ሥራ ደግሞ ትኩረቱ ከመረጃ ወደ ሰውየው ውስጣዊ ስሜት ዞረ። አማካሪው በቅድሚያ መልስ ሰጪ መሆኑ ቀርቶ፣ ሳይፈርድ የሚያዳምጥና ተመካሪው የራሱን ችግር በራሱ ቃል እንዲያየው የሚረዳ ሆነ። በዚህም መሠረት የዛሬው የምክር አገልግሎት ግራ መጋባትን፣ ሐዘንን፣ ፍርሃትንና ኀፍረትን ይመለከታል፤ ካስፈለገም ወደ ኋላ ተመልሶ የችግሩን ሥር ይፈልጋል።

ኮቺንግ የሚለው ቃል ታሪክ ደግሞ የሚያስገርም ነው። ቃሉ የመጣው ምቹ ሠረገላ ይሠራበት ከነበረ ኮች ከሚባል የሀንጋሪ መንደር ነው። በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለፈተና የሚያዘጋጃቸውን አስጠኚ በቀልድ በዚህ የሠረገላ ስም መጥራት ጀመሩ፤ ተማሪውን አሳፍሮ ከፈተናው ማዶ ያደርሰዋልና። ወደ ስፖርቱ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። በእኛ አገር ቃሉ ሲነሳ ቀድሞ የሚታየን በሜዳ ዳር ቆሞ የሚጮኸው የእግር ኳስ አሠልጣኝ በመሆኑ፣ አንዳንድ ኃላፊዎች ኮቺንግ ማለት ድምፅን ከፍ አድርጎ ማዘዝ ቢመስላቸው ብዙ አያስደንቅም። በሥራው ዓለም ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። ቲሞቲ ጋልዌ የተባለ የቴኒስ አሠልጣኝ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ ትእዛዝ ማብዛት ተጫዋቹን እንደሚያደናቅፈው አሳየ። ጆን ዊትሞር የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1992 ይህንኑ ሐሳብ ወደ መሥሪያ ቤት አመራር አምጥቶ አራት ጥያቄዎችን አስፋፋ። ምን ላይ መድረስ ትፈልጋለህ? አሁን የት ነህ? ምን ምን አማራጭ አለህ? የቱን፣ መቼ ታደርጋለህ? ኮቺንግ እንግዲህ ግቡን የሚያውቅን ሰው ካለበት ወደዚያ የሚያደርስ፣ ፊቱን ወደ ነገ ያዞረ፣ በቀጠሮና በተግባር የሚለካ ድጋፍ ነው።

ልዩነቱ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር ይመስላል እንጂ ለጎንደር ሰው እንግዳ አይደለም። ምእመኑ የንስሐ አባቱን ጠርቶ የሚያጫውተው ለማንም የማይነግረውን ነው፤ ካህኑም የሰሙትን ይዘው ይቀመጣሉ። የቅኔ መምህሩ ሥራ ደግሞ ሌላ ነው። ደቀ መዝሙሩ ብቻውን ሲቆጥር ያደረውን ቅኔ ከመምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል፤ መምህሩ ያዳምጡታል፤ የተሰበረውን ቤት ያመለክቱታል፤ አቃንቶት እንዲመለስም ይሰዱታል። ቅኔውን እርሳቸው አይቆጥሩለትም። ነገም ሌላ ይዞ እንዲመጣ ይጠበቅበታል። የመጀመሪያው ለምክር አገልግሎት፣ ሁለተኛው ለኮቺንግ ቅርብ ምሳሌ ነው። ጸሎቱና የነፍስ ጉዳዩ የራሱ መሆኑ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የቅኔ መምህሩን ስለ ልብ ስብራት፣ የንስሐ አባትን ደግሞ ስለ ቅኔ ቤት አመታት የሚጠይቅ ሰው ብዙም አይገኝም።

በዘመናዊው ትምህርት ቤትና ቢሮ ግን ይህ መለየት ጠፍቷል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በተማረበት አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ክፍል ነበር። በሩ ሲከፈት የሚታየው ግን የተሰባበረ ዴስክና የቾክ ካርቶን ነበር። ምክር የሚባለው ነገር ለተማሪው የሚደርሰው ጥፋት አጥፍቶ ሲከሰስ ብቻ በመሆኑም፣ ወደዚያ ክፍል መጠራት የቅጣት ምልክት ተደርጎ ይታይ ነበር። ይህ ትዝታ የአንድ ሰው ብቻ እንዳልሆነ ብዙ አንባቢያን ይመሰክራሉ።

ጉዳዩን ዛሬ ክብደት የሚሰጠው የተማሪዎቹ ብዛት ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በጥቅምት 2015 ዓ.ም ለፈተና ከተቀመጡት የ2014 ዓ.ም ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29 ሺህ 909 ብቻ ነበሩ፤ ይህም 3.3 በመቶ ነው። በ2017 ዓ.ም ቁጥሩ ወደ 48 ሺህ 929፣ ማለትም ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። መሻሻሉ እንዳለ ሆኖ፣ ከመቶ ተፈታኞች ከዘጠና የሚበልጡት ያሰቡት ላይ ሳይደርሱ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል ማለት ነው። ከእነርሱ ከፊሎቹ በዩኒቨርሲቲዎች የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም ዕድል አግኝተዋል። ቀሪዎቹ ደግሞ እንደገና መፈተን፣ ወደ ቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ መግባት፣ ሥራ መፈለግ ወይም መሰደድ ከሚሉት አንዱን መምረጥ አለባቸው።

በአማራ ክልል ደግሞ ተጨማሪ ሸክም አለ። ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ የተካሄደው የሰሜኑ ጦርነት በደባርቅና በአዲአርቃይ አቅጣጫ ብዙ ቤተሰብ አፈናቅሏል፤ ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት ሳቢያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ሁለት ዓመት ያህል ከክፍል ርቆ የተመለሰ ተማሪ የሚያጣው ምዕራፍ ብቻ አይደለም። ፊቱን ወደ ጥቁር ሰሌዳው አዙሮ ሐሳቡ ሌላ ቦታ የሚሆን አለ። እንዲህ ላለው ልጅ የጥናት ፕሮግራም ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ መስጠት ለተሰበረ እግር ጫማ እንደመግዛት ነው።

ታዲያ የትኛው እንደሚያስፈልግ በምን ይታወቃል? ቀላሉ መንገድ ሰውየው የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር ማዳመጥ ነው። ምን እንደምፈልግ አላውቅም፣ ምንም አያስደስተኝም፣ እኔ አልረባም የሚል ሰው ገና ግብ አልያዘም፤ ግብ ያልያዘን ሰው ወደ ግብ ለማድረስ መጣደፍ ትርፉ ድካም ነው። የምፈልገውን አውቃለሁ፣ እንዴት እንደምጀምር ግን ግራ ገባኝ፣ ወይም ጀምሬ አቋርጣለሁ የሚል ሰው ደግሞ ለኮቺንግ ዝግጁ ነው። ሌላው ምልክት ችግሩ የሚታይበት ስፋት ነው። የቡድን መሪው ወጣት ቢሮ ውስጥ ይቸገራል እንጂ ማታ ከቤተሰቡ ጋር ይስቃል፤ ይበላል፤ ይተኛል። ልጅቷ ግን ችግሩ ከትምህርቱ አልፎ እንቅልፏን፣ ምግቧንና ወዳጅነቷን ነክቷል።

እዚህ ላይ ሦስተኛ በር እንዳለም መዘንጋት አይገባም። እንቅልፍና ምግብ ማጣቱ፣ ተስፋ መቁረጡ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ፣ ይልቁንም ሰውየው ሕይወቱን ስለማጥፋት ከተናገረ፣ ጉዳዩ በትምህርት ቤት ምክርም ሆነ በኮቺንግ የሚያዝ አይደለም። ቀኑን ሳያሳልፉ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። በ2005 ዓ.ም ሥራ ላይ የዋለው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አገልግሎቱ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ እንዲሰጥ ያለመ ነበር፤ ለወገራና ለአካባቢው ደግሞ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ወደዚያ መሄድ እብደት ነው የሚለው የተለመደ አነጋገር ስንቱን ቤት እንዳስቀመጠ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ለመንግሥት ሠራተኞችና ኃላፊዎች በተለይ ሊጤን የሚገባው ነጥብ ቀጥሎ ያለው ነው። አንድ የቅርብ ኃላፊ የበታቹን ኮች ማድረግ ይችላል፤ እንዲያውም ይገባዋል። አማካሪው ሊሆን ግን አይችልም። የምክር አገልግሎት የቆመው በምስጢር ላይ ነው። በግንቦት 1997 ዓ.ም ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ የሃይማኖት አባቶችን፣ የሕግና የሕክምና ባለሙያዎችን የመሳሰሉ ሰዎች በሙያቸው ያወቁትን ምስጢር ያለ ፈቃድ ቢገልጹ የሚጠየቁበትን ድንጋጌ ይዟል። ኃላፊው ግን የሠራተኛውን የሥራ አፈጻጸም ይሞላል፤ በደረጃ ዕድገትና በዝውውር ላይ አስተያየት ይሰጣል። በትዳሩ መናጋት ምክንያት ሥራ ላይ ማተኮር እንዳቃተው ዛሬ ለአለቃው የተናገረ ሠራተኛ፣ ከሦስት ወር በኋላ ነጥቡ ሲቀንስ ምክንያቱን የት ሊፈልግ ነው? አለቃው ንጹሕ ቢሆን እንኳ ጥርጣሬው ሁለቱንም ይጎዳል። ስለዚህ ለኃላፊው የሚበጀው የሰማውን ያህል በአክብሮት ሰምቶ፣ ጉዳዩ ከእርሱ በላይ መሆኑን ገልጾ፣ ሠራተኛው ከመሥሪያ ቤቱ ውጪ ያለ ባለሙያ የሚያገኝበትን ጊዜና ፈቃድ ማመቻቸት ነው።

ኮቺንግን ከግምገማ ጋር ማደባለቅም ሌላው ስሕተት ነው። ግምገማ ያለፈውን ይመዝናል፤ ብዙ ጊዜም በስብሰባ ፊት ይካሄዳል። በዚያ መድረክ ድክመትን መናዘዝ የተለመደ ስለሆነ፣ ኮቺንግ ተብሎ ሲጠራ ሠራተኛው ወዲያው መከላከያውን ያዘጋጃል። ኮቺንግ በሁለት ሰዎች መካከል የሚደረግ፣ ነጥብ የማይሰጥበት፣ አንድ የተወሰነ የሥራ ጉዳይ ይዞ የሚጀመር ውይይት ነው። በምሳሌ የወሰድነው ቡድን መሪ ከኃላፊው ጋር በየሁለት ሳምንቱ ለግማሽ ሰዓት ቢቀመጥ፣ የመጀመሪያው ቀን ጥያቄ ለምን አዘገየህ ሳይሆን፣ በዚህ ሳምንት ለሌላ ሰው ልትሰጠው የምትችለው አንድ ሥራ የቱ ነው የሚል ይሆናል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ያንኑ ሥራ ሰጠ ወይስ አልሰጠም፣ ምን አጋጠመው የሚለው ይነሳል። ኃላፊው መልሱን ቢያውቅ እንኳ ከመናገር መቆጠብ አለበት፤ ከሁሉ የሚከብደውም ይኸው ነው። ለአለቃ ዝም ማለት በሥልጠና ካልሆነ የሚመጣ ጠባይ አይመስልም።

ለዚህ ሩቅ መሄድ ሳያስፈልግ በትምህርቱ ዘርፍ የቆየ ልምድ አለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በመምህራን ትምህርት ላይ በተደረገው ለውጥ፣ አዲስ የተቀጠረ መምህር ለሁለት ዓመት በአንጋፋ መምህር እየተደገፈ ከሙያው ጋር የሚተዋወቅበት አሠራር ከተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ጋር ተያይዞ ተጀምሯል። አንጋፋው መምህር ክፍል ገብቶ ያያል፤ ከክፍል በኋላ ይወያያሉ፤ አዲሱ መምህር በሚቀጥለው ሳምንት የሚሞክረውን ይመርጣል። በደንብ በተሠራበት ቦታ ይህ ሙሉ በሙሉ ኮቺንግ ነው፤ ቅጽ ተሞልቶ ፋይል ውስጥ በሚቀመጥበት ቦታ ግን ስሙ ብቻ ቀርቷል። የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች አዲስ ለተመደቡ ባለሙያዎች ተመሳሳዩን ለማድረግ የተለየ በጀት አያሻቸውም።

ድጋፍ ሰጪውን በመምረጥ ረገድም ልዩነት አለ። የምክር ባለሙያ በሥነ ልቦና ወይም በተቀራራቢ መስክ በዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው መሆን ይኖርበታል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በርካታ ተቋማት ሥነ ልቦናን ያስተምራሉ። በኮቺንግ በኩል ግን መንገዱ ክፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተውን ዓለም አቀፍ የኮቺንግ ፌዴሬሽን የመሳሰሉ ማኅበራት የምስክር ወረቀት ቢሰጡም፣ ያለ ምንም ወረቀት ራሱን ኮች ብሎ የሚጠራ ሰው ሞልቷል። በትልልቅ ከተሞች አዳራሽ ተከራይተው ሕይወትዎን በአንድ ቀን እንለውጣለን የሚሉ መድረኮችም ይታያሉ። ማነቃቂያ ንግግር ለአንድ ከሰዓት በኋላ መልካም ነው፤ ኮቺንግ ግን አይደለም። ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የት ሠለጠንክ፣ ስንት ጊዜ እንገናኛለን፣ ጉዳዬ ከአቅምህ በላይ ሲሆን ወዴት ትመራኛለህ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ የሌለውን ሰው መተው ይሻላል።

በኮሶዬ የመሰለች አነስተኛ ከተማ ሁለቱንም ባለሙያዎች በየቢሮው ማግኘት የሚቻል አይደለም። ሆኖም አንድ የሰለጠነ ሰው ሊሠራው የሚችለው ብዙ ነው። ትምህርት ቤቱ በተማሪዎች የሚወደድ፣ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ውስጥ የሌለ አንድ መምህር ወይም መምህርት ይመርጣል። የኮሚቴ አባል አለመሆኑ ወሳኝ ነው፤ ሰኞ ምስጢር የሰማ ሰው ሐሙስ ቀን ቅጣት ሊወስን አይገባውምና። የተመረጠው ሰው ከጎንደር ባለሙያዎች አጭር ሥልጠና ቢያገኝ፣ ዋና ተግባሩ ማከም ሳይሆን መለየት ይሆናል። የትኛው ተማሪ መረጃ ብቻ እንደጎደለው፣ የትኛው ዕቅድና ክትትል እንደሚሻ፣ የትኛው ደግሞ ወደ ባለሙያ መላክ እንዳለበት። መረጃ ብቻ የጎደለው ተማሪ ከሚታሰበው በላይ ብዙ ነው። የቴክኒክና ሙያ ደረጃዎችን፣ የዳግም ፈተና ምዝገባን፣ የመምህራን ኮሌጅ መግቢያን በአንድ ገጽ ጽፎ ከትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ምክርም ኮቺንግም ሳይጠራ የስንቱን ወላጅ ወደ ጎንደር ምልልስ ያስቀራል።

ቅደም ተከተሉም ሊጠበቅ ይገባል። በምሳሌ ያነሳናት ልጅ በመጀመሪያ የሚያስፈልጋት ሳትወቀስ የምትናገርበት ቦታ ነው። ምናልባት በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀጠሮ፣ ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና በላይ የሚሆነው እንደ እርሷ መመለሱን ስትሰማ፣ ውጤቱ የእርሷ ማንነት ላይ የተሰጠ ፍርድ አለመሆኑን ማየት ትጀምር ይሆናል። እንቅልፏ ሲመለስና ይህን ብሞክርስ የሚል ቃል ከራሷ አንደበት ሲወጣ የአማካሪው ድርሻ እየቀነሰ፣ የሚከታተላት ሰው ድርሻ እየጨመረ ይሄዳል። ወላጆቿም በዚህ ጊዜ ተጠርተው ቢሰሙ መልካም ነው፤ የተናገረችው ሁሉ ለእነርሱ ሳይነገር፣ እርሷ በፈቀደችው ልክ ብቻ። የሒሳብ መጽሐፉ፣ የሳምንቱ የጥናት ሰዓትና የዳግም ፈተናው ምዝገባ ቀን በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፈው ከማዕድ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት ከዚህ በኋላ ነው።